ገጹ ሳይታደስ ይዘቱን መቀየር፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ጃቫስክሪፕት፣ ድረ ገጽን ስለሚያንቀሳቅሰው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ያሻችሁን ጠይቁ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የመለስኳቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ በተን ሲነካ አንድ አንቀጽ ብቻ እንዲቀየር ዶኪዩመንት ራይት (ገጹ ላይ የሚጽፍ ትዕዛዝ) ተጠቀምኩ። ገጹ በሙሉ ጠፋ! ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ያጠፋው እሱ ነው። ገጹ ተጭኖ ካለቀ በኋላ ከተጠራ ሰነዱን እንደ አዲስ ይከፍተዋል፤ የነበረው ይደመሰሳል። እርሳው። ለአንቀጹ አይዲ (መለያ ስም) ስጠው፣ በአይዲው በሚፈልገው በጌት ኤለመንት ባይ አይዲ ያዘው፣ ቴክስት ኮንተንቱን (በውስጡ ያለውን ጽሑፍ) ቀይር። በቃ።

ጥያቄ፦ እንደዛው አድርጌ «ናል» (ምንም አልተገኘም) ይለኛል። አይዲው ትክክል ነው፣ አስር ጊዜ አይቼዋለሁ።

መልስ፦ ስክሪፕቱ ሄድ (ከሚታየው ይዘት በፊት ያለው የገጹ ክፍል) ውስጥ ነው አይደል? ብራውዘሩ ከላይ ወደ ታች ነው የሚያነበው፤ ኮድሽ ሲሠራ አንቀጹ ገና አልተፈጠረም። ከቦዲው (የሚታየው ይዘት ካለበት ክፍል) መጨረሻ አውርጂው።

ጥያቄ፦ ኢነር ኤችቲኤምኤል ይሻላል ወይስ ቴክስት ኮንተንት?

መልስ፦ ይህን ስጠብቅ ነበር። ቴክስት ኮንተንት የሰጠኸውን ሁሉ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጣል። ኢነር ኤችቲኤምኤል ግን በውስጡ ያሉትን ታጎች (ገጹ የሚሠራባቸውን የኤችቲኤምኤል ምልክቶች) ይተረጉማል። ራስህ ለጻፍከው ችግር የለውም። ሌላ ሰው ያስገባውን ጽሑፍ እንዳለ ካቀበልከው ግን ጉድ ይፈላል። «በኢነር ኤችቲኤምኤል የገባ ስክሪፕት ታግ አይሠራም እኮ» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው፣ አይሠራም። ግን ሊጫን ያልቻለ ምስል ኦንኤረሩ (ስህተት ሲፈጠር የሚሠራ ኮድ የሚጻፍበት ቦታ) ላይ የተጻፈውን ኮድ ያስነሳል። አጥቂ የሚገባው በዚህ ነው። ስትጠራጠር ቴክስት ኮንተንት።

ጥያቄ፦ በኢነር ኤችቲኤምኤል ዝርዝሩ ላይ አዲስ መስመር ስቀጥል የድሮዎቹ በተኖች መሥራት ያቆማሉ።

መልስ፦ እኔም በዚህ አንድ ሌሊት አድሬበታለሁ። የቀጠልክ ይመስልሃል እንጂ ብራውዘሩ የውስጡን ሁሉ አፍርሶ እንደገና ነው የሚሠራው። በተኖቹ መልካቸው ያው ነው፤ ሊስነሩ (ክሊክን የሚያዳምጠው ኮድ) ግን ከአሮጌዎቹ ጋር ሄዷል። ያለውን ሳያፈርስ መጨረሻ ላይ በሚቀጥለው በአፔንድ ጨምር። ከዚህም የሚሻለው ሊስነሩን ዝርዝሩ ራሱ ላይ ማሰር ነው። ክሊክ ከልጅ ወደ ወላጅ ስለሚወጣ ነገ የሚጨመረውም በተን ይሰማል።

ጥያቄ፦ ለዚህ ጄኩዌሪ (የተዘጋጀ የጃቫስክሪፕት ኮድ ስብስብ) ልማር?

መልስ፦ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ይዘቱን በፌች ከሰርቨር አመጣለሁ። አንዳንዴ የስህተት ገጹ ራሱ አንቀጹ ውስጥ ይገባል። ካች (ስህተት የሚይዝ ኮድ) ጽፌያለሁ እኮ!

መልስ፦ ፌች ለ404 («ገጹ አልተገኘም» ለሚለው መልስ) ካች ውስጥ አይገባም። ለእሱ መልስ መጣ፣ አለቀ። ካች የሚነሳው ለምሳሌ ኔትወርኩ ሲቋረጥ ነው። ስለዚህ ይዘቱን ከመቀየርሽ በፊት የመልሱ «ኦኬ» ትሩ (እውነት) መሆኑን እይ።