ቅርጹ አንድ፣ ሞተሩ ሁለት፦ ያገለገለ ካምሪ ስለመግዛት ለጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ መኪና ናቸው፤ ስለ ቶዮታ ካምሪ። ጠያቂዎቹ በሙሉ ሞዴሉንና የተነዳውን ኪሎ ሜትር ጽፈውልኛል። ኮፈኑ ሥር ያለው ሞተር የትኛው እንደሆነ የነገረኝ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። ካምሪ ላይ ደግሞ ብዙውን ነገር የሚወስነው እሱ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የሞዴል ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «አንድ የ2008 እና አንድ የ2011 ካምሪ አይቻለሁ። ሲያዩዋቸው መንትያ ናቸው። የ2008ቱ በደንብ ይረክሳል፤ የተነዳውም ያነሰ ነው። ለሦስት ዓመት ልዩነት ያን ያህል ገንዘብ መጨመር ተገቢ ነው?»

የሚከፍሉት ለሦስት ዓመት ሳይሆን ለሌላ ሞተር ነው። ይህ ቅርጽ ከ2007 እስከ 2011 የቆየው ስድስተኛው ትውልድ ነው። ለሰሜን አሜሪካ ገበያ የተሠሩት ባለ አራት ሲሊንደሮች እስከ 2009 ድረስ ባለ 2.4 ሊትር ሞተር ነበሩ፤ ከ2010 ጀምሮ ግን 2.5 ሊትር ሆኑ። በሌሎች ገበያዎች 2.4ቱ ከዚያም በኋላ ስለቀጠለ ዓመቱን ብቻ አይመኑ። ኮፈኑን አስከፍተው የሞተሩን መለያ ያንብቡ፤ 2.4ቱ በ«2ኤዜድ» (2AZ)፣ 2.5ቱ በ«2ኤአር» (2AR) ይጀምራል።

የዚያ ዘመን 2.4 ሞተር የሚታወቀው ዘይት በመብላት ነው። ፒስቶኑ ላይ ዘይቱን ወደ ታች የሚመልሱት ቀዳዳዎች ጠባብ ስለሆኑ በካርቦን ይደፈናሉ፤ የዘይቱ ፋሻ፣ ማለትም ፒስቶኑን የከበበው ቀለበት፣ ቦታው ላይ ይጣበቅና ሲሊንደሩን መጥረግ ያቆማል። ዘይቱም ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይቃጠላል። ቶዮታ ለዚህ ችግር ዋስትናውን አራዝሞ ፒስቶንና ፋሻ ሲቀይር ነበር። ያኔ «ከመጠን ያለፈ» ይባል የነበረው በ1,200 ማይል፣ ማለትም በ1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ዘይት ሲጎድል ነው። ያ ዋስትና ዛሬ ጊዜው ስላለፈበት ወጪው የገዢው ነው።

ገዢ 1,900 ኪሎ ሜትር ነድቶ ሊሞክር አይችልም። ስለዚህ ሻጩን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ዘይት የተቀየረው መቼ ነው? ከዚያ ወዲህስ ስንት ጊዜ ተጨመረ? ከዚያ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ የዘይት መለኪያውን ይምዘዙ። ከተቀየረ ሁለት ወር የሆነው ዘይት ከታችኛው ምልክት በታች ከወረደ መልሱን አግኝተዋል። የሻንጣ ቦታውንም ይክፈቱ፤ ተከፍቶ የተጋመሰ የዘይት ጀሪካን ካገኙ ባለቤቱ ችግሩን ያውቀዋል ማለት ነው። ጭስ አላየሁም ብለው ግን አይዘናጉ። ይህ ሞተር ብዙ ጊዜ ዘይት እየበላም ከማርሚታው የሚታይ ሰማያዊ ጭስ አያወጣም። ካንዴላዎቹን ማስፈታት የተሻለ ነው፤ ጫፋቸው ላይ ጥቁር ቅባት ካለ ዘይት ወደ ማቃጠያው እየገባ ነው።

ሞተሩን ቀዝቃዛ ሳለ ያግኙት ያልኩት ከራሴ ስለደረሰ ነው። አንድ ጊዜ ሌላ ዓይነት መኪና ልገዛ ስሄድ ሻጩ «እንዳትቸገሩ» ብሎ ሞተሩን አሙቆ ጠበቀኝ። ምስጋናዬን አቅርቤ ገዛሁ። በማግስቱ ጠዋት ስነሳ የሰማሁትን መንኳኳት ለማስጠገን ያወጣሁት ገንዘብ ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል። አሁን ስደርስ መጀመሪያ እጄን የማሳርፈው ኮፈኑ ላይ ነው። ሞቆ ካገኘሁት ሌላ ቀን ጠዋት እመለሳለሁ።

ስለዚህ 2.4ቱን አይግዙ አልልም። ፒስቶንና ፋሻው መቀየሩን የሚያሳይ ደረሰኝ ካለው ደህና መኪና ነው። ደረሰኝ ከሌለው ግን ከ2011ዱ ጋር ያለውን የዋጋ ልዩነት ይጨምሩ።

ጥያቄ፦ «የ2004 ባለ ስድስት ሲሊንደር ነው፤ 95,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሄደው። እንደ አዲስ አይቆጠርም?»

አይቆጠርም። ያ ሞተር ካሞቹን፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍቱትን ዘንጎች፣ የሚያዞረው በቺንጋ ነው። ቺንጋ ደግሞ መኪናው ቆሞም ያረጃል። ከ20 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ቺንጋ አሁንም ላዩ ላይ ካለ ኪሎ ሜትሩ ምንም አያድነውም። ሲቀየር የውሃ ፓምፑና መወጠሪያው አብረው ቢቀየሩ ይሻላል፤ ያ ሁሉ ቦታ አንዴ ከተፈታ ወዲያ ለሁለተኛ ጊዜ የእጅ መክፈል ተገቢ አይደለም። ቁጥሩ እውነት መሆኑንም ያጣሩ። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ካለቀ፣ መሪው ካብለጨለጨና የሾፌሩ ወንበር ጠርዝ ከተበላ 95,000ን አልቀበልም።

የዚያው ትውልድ ባለ አራት ሲሊንደር ካቴና ስላለው ከቺንጋ ስጋት ነፃ ነው። የራሱ ሕመም ግን አለው፦ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) የሚይዙት ብሎኖች የሚጠልቁበት የአሉሚኒየም ጥርስ ከኋላ በኩል ይበላና ውሃ ማስረግ ይጀምራል። ሞተሩ ከጀርባው ረጥቦ ወይም የደረቀ የውሃ ዝቃጭ ይዞ ከታየ፣ ወይም ሙቀቱ ከፍ ካለ፣ ይተዉት።

ጥያቄ፦ «ባለ 3.5 ሊትሩ የ2008 ካምሪ ዘይት ይበላል?»

እንደ 2.4ቱ አይደለም፤ ካቴና ያለው ጠንካራ ሞተር ነው። አንድ ነገር ብቻ ያሳዩ፦ ወደ ካሙ ዘይት የሚወስደው ቱቦ። ቀደም ባሉት ላይ መሃሉ ጎማ ነበር፤ ሲፈነዳ ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ሙሉ በሙሉ ብረት በሆነው ካልተቀየረ ከመንዳትዎ በፊት ያስቀይሩት።

ጥያቄ፦ «ሃይብሪዱን ሁሉም ሰው ባትሪው ያልቃል እያለ ያስፈራራኛል። የ2010 ነው።»

ባትሪው ሊያልቅ ይችላል፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሞተሩ ነው። ቤንዚን ብቻ የሚጠቀመው ባለ አራት ሲሊንደር ካምሪ በ2010 ወደ 2.5 ሲሸጋገር ሃይብሪዱ እስከ 2011 ድረስ 2.4 እንደሆነ ቀረ። ስለዚህ ከላይ ስለ ዘይት የጻፍኩት ሁሉ እርስዎንም ይመለከታል።

ወደ ባትሪው ስንመጣ፣ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባለው ዓይነት ነው፤ 34 ሞጁሎች፣ ማለትም ትናንሽ ባትሪዎች፣ ተያይዘው የተሠራ። አንዱ ሲደክም ሌሎቹን ይጎትታል። የመኪናውን ኮምፒውተር በሚያነበው መሣሪያ፣ በስካነር፣ እየነዱ ቮልቴጃቸውን ማወዳደር ይቻላል፤ አንዱ ጥንድ ከሌሎቹ ለይቶ ከወረደ ችግር አለ። ያለ ስካነርም የባትሪው ምልክት በአጭር መንገድ ላይ ቶሎ ሞልቶ ቶሎ የሚወርድ ከሆነ ይጠርጥሩ። ባትሪው የሚቀዘቅዘው ከተሳፋሪው ክፍል በሚስበው አየር ስለሆነ ከኋላ ወንበር አካባቢ ያለው የአየር ማስገቢያ በአቧራ ወይም በዕቃ መዘጋቱን ይዩ። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸውን ኬብሎች ግን ስለ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሥልጠና የሌለው ሰው እንዳይነካቸው።

ጥያቄ፦ «የ2013 ካምሪ ከፊት ምንጣፉ ይረጥባል። ሻጩ ዝናብ ነው ይላል።»

ዝናብ ላይሆን ይችላል። የአየር ማቀዝቀዣው ውሃ የሚወጣበት ቱቦ ሲደፈን ውሃው ወደ ውስጥ ይመለሳል። በ2013 ቶዮታ የ2012 እና የ2013 ካምሪዎችን ለጥገና መልሶ የጠራው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቱቦውን የሸረሪት ድር ሲደፍነው ውሃው የኤርባግ መቆጣጠሪያው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ማቀዝቀዣውን ለ20 ደቂቃ ይክፈቱና መኪናው ሥር ውሃ መውረዱን ይዩ። ካልወረደ ተደፍኗል። የኤርባጉ መብራት ክሩስኮቱ ላይ ከበራ አይንዱት። በሻሲ ቁጥሩ ጥሪው መፈጸሙንም ያጣሩ።

ጥያቄ፦ «የ2018ቱ የፊት መስታወት ተቀይሯል፤ ችግር አለው?»

ይኖረዋል። ከ2018 ጀምሮ ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ካሜራ ነው መስመሩንና ከፊት ያለውን መኪና የሚያየው። መስታወቱ ከተቀየረ በኋላ ካሜራው እንደገና ካልተስተካከለ መኪናው በተሳሳተ ጊዜ ሊያስጠነቅቅ ወይም ራሱ ፍሬን ሊይዝ ይችላል። የተስተካከለበትን ወረቀት ይጠይቁ፤ ከሌለ ወጪውን ከዋጋው ያስቀንሱ።

ጥያቄ፦ «እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን ይገዛሉ?»

ከ2012 እስከ 2017 ካሉት ባለ 2.5 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደሩን፣ የአገልግሎት መዝገብ ካለው ሰው። የ2015ቱ ቅርጽ ከጣሪያው በቀር ከውጭ ሁሉም ስለተለወጠ የሰውነት መለዋወጫ ሲገዙ 2014 እና 2015ን አያቀላቅሉ። የዚህ ሞተር የውሃ ፓምፕ ማስረግ ይወዳል። መኪናውን ሲያዩ የእጅ ባትሪ ይዘው ከሞተሩ ውጭ ያለው ቺንጋ ወዳለበት ጎን ያብሩ፤ ፓምፑ ዙሪያ የደረቀ ሮዝ ቀለም ካዩ የራዲያተሩ ፈሳሽ ነው። ለእሱ ብዬ መኪናውን አልተውም፤ ፓምፑን የማስቀየሪያውን ወጪ ግን ከመፈራረማችን በፊት እንነጋገርበታለን።