ጣና ሞልቶ አሳው ለምን አነሰ?

«ክረምቱ ጥሩ ነበር፣ ጣናም ሞልቷል፤ ታዲያ መረባችን ለምን ባዶውን ይወጣል?» ብለህ ለጠየቅኸው ወንድሜ። ባሕር ዳር ላይ ከ25 ዓመት በላይ አሳ አስግሬአለሁ። ያየሁትን ልንገርህ።

ዛሬ መረብህ የሚይዘው አሳ የዘንድሮ ልጅ አይደለም። የሁለት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ የዚያን ጊዜውን ክረምት አስታውስ። ደግሞ ውሃው መብዛቱ ብቻውን አይበቃም። መቼ መጣ? ስንት ቀንስ ቆየ?

አምባዛ፣ ያ ጢማሙና ቅርፊት የሌለው አሳ፣ ዝናብ ሲገባ ውሃ የሸፈነው ሣር ውስጥ ገብቶ ነው እንቁላሉን የሚጥለው። አንድ ሐምሌ ፎገራ በኩል ከውሃው ውስጥ ሣር ነቅዬ አየሁ። ጤፍ የሚያህል፣ አረንጓዴ ቢጤ እንቁላል ከላይ እስከ ታች ተጣብቆበታል። በአንድ ሁለት ቀን ይፈለፈል ነበር። ግን ዝናቡ አቋረጠና ውሃው በማግስቱ ሸሸ። በሦስተኛው ቀን ስመለስ ሣሩን ነካ ሳደርገው እንቁላሉ ደርቆ እንደ አቧራ ረገፈ። አንጀቴ ነው የተቃጠለው።

ቆሮሶ፣ ቲላፒያ የሚሉት አሳ፣ ትንሽ ይሻላል። ወንዱ ዳር ዳሩን ጎድጓዳ ይቆፍራል፤ ሴቷ ግን እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትዞራለች። ውሃ ቢጎድል ይዛው ትሄዳለች። ችግሩ ጫጩቶቹን ስትለቅ ነው፤ መሸሸጊያቸው ደንገሉና ሣሩ ነዋ። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ መርከብ እስኪቸገር ድረስ ሲጎድል፣ ደንገሉ ደረቅ መሬት ላይ ቀረ። ባሕር ሸሽ ነው ተብሎም ታረሰ። ውሃው ሲመለስ ጫጩቱ የሚደበቅበት አጣ።

ነጭ አሳ፣ በርቡስ የምንለው፣ ጉዳዩ ሌላ ነው። በርካታው ዓይነት ሐይቁ ውስጥ አይረባም። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣል። ጥርት ያለ ውሃ የሚሮጥበት ጠጠር ይፈልጋል። ጠጠሩ ተጭኖ ከሄደ ወይም ደለል ከሸፈነው ሐይቁ ቢሞላም ለእሱ ምንም አይጠቅመውም። የወንዙን አፍ በመረብ የሚጋርድ፣ አሳ የሚያደነዝዘውን የብርብራ ፍሬ ወቅጦ የሚበትን ካለማ አበቃ! እንቁላል የሞላ ሆዱን ገበያ ላይ ሳይ በጣም ያመኛል።

ሌላው ደግሞ፣ ጣና አሁን የሚሞላውና የሚጎድለው በዝናብ ብቻ አይደለም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ የውሃ መቆጣጠሪያ በር አለ፣ ወደ በለስ የመብራት ማመንጫ የሚሄደውም ውሃ አለ። ውሃው በጋ ላይ ቶሎ ከተሳበ ዳሩ ቀድሞ ይደርቃል።

አንተ በየት በኩል ነው የምታሰግረው? ደንገል ያለበት ዳር ከሆነ መረብህን ለጊዜው ራቅ አድርገው። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ደንገሉ ሥር ጎንበስ ብለህ እይ። ጣት የሚያህል ቆሮሶ ሲርመሰመስ ካየህ የዘንድሮው ሙላት ሠርቷል።