«ስንኩል»ን ማን ሰነከለው?

ጥያቄ፦ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ አዘጋጃለሁ። «ለአካለ ስንኩላን ቅድሚያ ይሰጣል» ብዬ ብጽፍ አለቃዬ ሰርዘው «አካል ጉዳት ላለባቸው ሰዎች» አሉት። የቱ ነው ትክክሉ? ልዩነቱስ ምን ያመጣል?

መልስ፦ አለቃዎ በሰረዙት አልፈርድባቸውም፤ በተኩት ሐረግ ግን አልስማማም።

አስቀድሜ ለተሰረዘው ልቁምለት። «ስንኩል» ከ«ሰነከለ» የወጣ ተደራጊ ቅጽል ነው፤ «ተሰናከለ» እና «መሰናክል» የሥጋ ዘመዶቹ ናቸው። ሥሩን ከተከተልን «እንቅፋት የገጠመው» ማለት ይሆናል፤ እንቅፋት ደግሞ መንገድ ላይ እንጂ እግር ውስጥ አይገኝም። ሰውን ያገደው መወጣጫ የሌለው ሕንፃ ነው የሚሉት የዘመናችን ተከራካሪዎች ይህን ሥር ቢቆፍሩ ምስክር ባገኙ ነበር። «ጉዳት» ግን ሰውየው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። እንደ እኔ ጆሮ ቢሆን «ስንኩል» ባልተጣለ። ምን ይሆናል፣ ልመናና ምጽዋት ተጣብቀውበት ሥሩን የሚያስታውስ ጠፋ። ባለጉዳዮቹም ትተውታል፤ ፌዴሬሽናቸው «የኢትዮጵያ አካል ጉዳተኞች ማኅበራት ፌዴሬሽን» ይባላል፣ ስለ ሥራ ስምሪት መብታቸው የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000ም «አካል ጉዳተኞች» ይላል። እያጉረመረምሁ ተቀብያለሁ።

«ከጉዳቱ ሰውየው ይቅደም» የሚል ወገን አለ፤ አለቃዎም «ሰዎች»ን የጨመሩት ከዚያ ሰምተው ይመስለኛል። ክርክሩ በአማርኛ ልክ አልተሰፋም። በእኛ ቋንቋ ገላጭ ከተገላጭ ይቀድማል፤ «አካል ጉዳት ያለበት ሰው» ስንል ሰውየው ብቅ የሚለው ጉዳቱ ተነግሮ ካበቃ በኋላ ነው። «ያለበት» ደግሞ የባሰ ነው። ይህ «በ» የሸክም «በ» ነው፦ ዕዳ ያለበት፣ ክስ ያለበት፣ ተላላፊ በሽታ ያለበት። ቤትና ዕውቀት ግን «ያለው» እንጂ «ያለበት» አንልም። «አካል ጉዳተኛ» ብለው ይጻፉ።

ልዩነቱ ምን ያመጣል ላሉት «ደንቆሮ»ን ይመልከቱ። ግእዝ «ጽሙም» ይል ነበር፤ የማይሰማ፣ አለቀ። አማርኛ «ደንቆሮ» አለና ከዚያው «ድንቁርና»ን ወልዶ ላለማወቅ ስም አደረገው። መስማት የተሳነው ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ በዚህ ቃል ቢጠራ፣ ቃሉን ሳይሰጥ ግማሹ ተፈርዶበታል። ሕግም ከዚህ አያመልጥም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1728 ዓይነ ስውሩንና ማንበብ የማይችለውን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ፊርማቸው በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድዳቸውም ይላል። ለጥበቃ ታስቦ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ጉርብትናም ትርጉም ይሰጣል፤ በብሬል ሲያነብ የኖረ ሰው ከማያነብ ጋር ተቆጥሮ፣ ባንክ ሲሄድ «ምስክር ይዘህ ና» ይባላል።

ለይተው መጥቀስ ካስፈለገዎ ማኅበራቱ ራሳቸውን እንደሚጠሩት ይጻፉ። ብዙዎች «ማየት የተሳናቸው» የበለጠ ትሕትና ያለው ይመስላቸዋል፤ የሚመለከታቸው ግን «የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር» ብለው ተሰይመዋል። መስማት የተሳናቸው በበኩላቸው «የተሳናቸው»ን መርጠዋል። «ስውር» ከ«ሰወረ» መምጣቱን፣ ዓይኑ ተሰወረ እንጂ ጠፋ አለመባሉን በሌላ ቀን እመለስበታለሁ።