የጎማ ቁልፍ ያለው ኮምፒውተር ቀለሙን ለምን ያጋባል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከመሐል ሜዳ ነው። አጎቴ እንግሊዝ አገር ተምሮ ሲመለስ ትንሽ፣ ጥቁር፣ የጎማ ቁልፎች ያሉት ኮምፒውተር ይዞ መጥቶ ነበር። ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ ያጫውተን እንደነበር ትዝ ይለኛል። ጨዋታው ውስጥ ቀዩ ሰውዬ በአረንጓዴው ዛፍ አጠገብ ሲያልፍ ዛፉም አብሮት ይቀላ ነበር። አጎቴ ካረፈ በኋላ ዕቃው ከነካሴቶቹ ቆጥ ላይ ተገኘ። ቤተሰቡ «ድሮም ብልሹ ነበር፣ ጣለው» ይለኛል። እውነት ብልሽት ነበር? ዳግመኛስ ይሠራል? ቻርጀሩ ጠፍቷል፤ የራውተር ቻርጀር ልክ ገብቶለታል፣ ሶኬት ላይ ግን ገና አልሰካሁትም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሌላውን ከማውራታችን በፊት ያንን የራውተር ቻርጀር ከአጠገቡ ያርቁልኝ። ይህ ማሽን የሚፈልገው 9 ቮልት ነው፤ የመሰኪያው መሐል ግን ኔጌቲቭ፣ ዙሪያው ፖዘቲቭ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት ቻርጀሮች አብዛኞቹ የዚህ ተቃራኒ ናቸው። ቢሰኩት ኖሮ አሁን የምንነጋገረው ስለ ሌላ ነገር በሆነ ነበር። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ከገለጻዎ እንደተረዳሁት እጅዎ ላይ ያለው ዜድ ኤክስ ስፔክትረም ነው፤ የክላይቭ ሲንክሌር የካምብሪጅ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1982 ያወጣው። እርግጠኛ ለመሆን ቁልፎቹን ይቁጠሩ፣ 40 ናቸው። በቀኝ በኩል ታችኛው ጥግ ላይ ደግሞ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ውሃ ሰማያዊ መስመሮች በሰያፍ ተሰምረዋል። የውጭ ቅርጹን የነደፈው ሪክ ዲኪንሰን፣ የውስጥ አካሉን ሪቻርድ አልትዋሰር፣ ትእዛዝ የሚሰጥበትን ቤዚክ ቋንቋ የጻፈለት ስቲቭ ቪከርስ ነው። ሚሞሪው 16 ኪሎባይት የሆነው 125 ፓውንድ፣ ባለ 48ቱ 175 ፓውንድ ይሸጥ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው ሌላ የቤት ኮምፒውተር፣ ኮሞዶር 64፣ ዋጋው 595 ዶላር ነበር። ዋጋውን ያነሣሁት የጠየቁኝ የቀለም ነገር ሁሉ ከዚያ ስለሚመነጭ ነው።

ስክሪኑ ወደ ጎን 256፣ ወደ ታች 192 ነጥብ አለው፤ ሲባዛ 49,152 ይሆናል። ለእያንዳንዱ ነጥብ ከ8ቱ ቀለሞች የራሱ ይሰጠው ቢባል በነጥብ 3 ቢት (ቢት ማለት አንድ 0 ወይም 1 ነው፤ ስምንቱ አንድ ባይት ይሆናሉ)፣ በድምሩ 18,432 ባይት ይፈጃል። የርካሹ ማሽን ሚሞሪ ግን ጠቅላላው 16,384 ባይት ነው። ሥዕሉ ብቻውን አይገባም፤ ፕሮግራሙስ የት ሊቀመጥ? ስለዚህ ነጥቦቹን «በርቷል» ወይም «ጠፍቷል» ብለው ብቻ መዘገቡ፣ 6,144 ባይት በቃቸው። ቀለሙን ለብቻ አወጡት። ስክሪኑን እያንዳንዳቸው 8 በ8 ነጥብ በሆኑ ሳጥኖች ከፋፈሉት፤ ወደ ጎን 32፣ ወደ ታች 24፣ በድምሩ 768 ሳጥን። ለአንድ ሳጥን አንድ ባይት። ከዚያች ባይት ሦስቱ ቢት ለነጥቦቹ ቀለም፣ ሦስቱ ለመደቡ፣ አንዱ ለድምቀት፣ አንዱ ለብልጭታ ናቸው።

እንግዲህ በአንድ ሳጥን ውስጥ ከሁለት ቀለም በላይ መኖር አይችልም። ቀዩ ሰውዬ ዛፉ ያለበት ሳጥን ውስጥ እግሩን ባስገባ ቁጥር የዚያ ሳጥን የነጥብ ቀለም ቀይ ይሆናል፤ እዚያ ያለው የዛፍ ቁራጭም አብሮ ይቀላል። ኮሞዶር 64 ተንቀሳቃሹን ምስል ከመደቡ ለይቶ የሚያስኬድ የራሱ ቺፕ ስለነበረው እንዲህ አያደርግም ነበር፤ ዋጋውም የዚያኑ ያህል ነው። የአጎትዎ ማሽን ጤነኛ ነበር። ብልሹ ዕቃ ይዘው አልመጡም፤ ይህንን ለቤተሰቡ በእኔ ስም ይንገሩልኝ።

በዚህ ማሽን በጣም የምወደው የቀለሞቹን ቁጥር አሰጣጥ ነው። ከቁጥር ቁልፎቹ በላይ ስማቸው ተጽፏል፦ 0 ጥቁር፣ 1 ሰማያዊ፣ 2 ቀይ፣ 3 ሐምራዊ፣ 4 አረንጓዴ፣ 5 ውሃ ሰማያዊ፣ 6 ቢጫ፣ 7 ነጭ። ሰማያዊ 1፣ ቀይ 2፣ አረንጓዴ 4 ናቸው፤ ሌላው ድምር ነው። የቀይና የአረንጓዴ ብርሃን ሲደመር ቢጫ ይሰጣል፣ 2 ሲደመር 4 ደግሞ 6 ነው። ቅደም ተከተሉም ከጨለማ ወደ ብርሃን የሚወጣ ነው። ስለዚህ በጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን እንኳ ከ0 እስከ 7 ያሉት በግራጫ ደረጃ በደረጃ እየነጡ ይታያሉ። እኛ አገር የቀለም ስርጭት የተጀመረው በአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ሰሞን መሆኑን ካሰብን፣ ይህ ለእኛ ቤቶች ትልቅ ነገር ነበር።

ሲሠራልዎ አንድ ነገር እንዲሞክሩ እፈልጋለሁ። የስክሪኑ 24 ረድፍ ለሦስት ሲካፈል ስምንት ስምንት ይደርሳል፤ ባንዲራችን ሳጥኖቹን ሳይሰብር ልክ ይቀመጣል። ቦርደሩን (የስክሪኑን ዙሪያ) 0 ያድርጉ። ከዚያ በፎር (FOR) ዙር እየሄዱ፣ ቁጥርን ሚሞሪ ውስጥ በሚያስቀምጠው በፖክ (POKE) ትእዛዝ የሳጥኖቹ ቀለም ባይቶች ባሉበት ከአድራሻ 22528 እስከ 22783 ድረስ 32፣ ከ22784 እስከ 23039 ድረስ 48፣ ከ23040 እስከ 23295 ድረስ 16 ያስገቡ። 32 ማለት የአረንጓዴው 4 በ8 ሲባዛ ነው፤ የቢጫውና የቀዩም እንደዚያው። ማብቂያው ላይ ፖዝ 0 (PAUSE 0) ይጻፉ፤ አለዚያ ማሽኑ የራሱን መልእክት ሊጽፍ ታችኞቹን ሁለት ረድፎች ይወስድብዎታል። አረንጓዴው ከላይ ወደ ታች ሳጥን በሳጥን እየሞላ ሲወርድ በዓይንዎ ይከታተሉታል።

አሁን ወደ ጥገናው። እኔ ደብረ ብርሃን ጠባሴ ነው የምሠራው፤ ከመንዝ የሚመጣ ዕቃ ብዙ ጊዜ የጭስ ጥላሸት ጠጥቶ ነው የሚደርሰኝ። ቆጥ ላይ የኖረ ከሆነ የእርስዎም አይቀርለትም። ከብርድ አውጥተው ወዲያው አያብሩት፤ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ይዋል ይደር፣ እርጥበቱ ይውጣለት። ከሥር ያሉትን አምስት ብሎኖች ሲፈቱ ክዳኑን ብድግ አድርገው እንዳያነሡት። የቁልፍ ሰሌዳው ከቦርዱ ጋር የተያያዘው በሁለት ስስ የፕላስቲክ ሪባኖች ነው፤ ከዕድሜ ብዛት ደርቀው ስለሚሆን ትንሽ ሲጎተቱ ይሰነጠቃሉ። ጥላሸቱን በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉት፤ ውሃ አያስነኩት።

ለቻርጀሩ፣ 9 ቮልትና ከ1.4 አምፔር ያላነሰ ገዝተው ባለሙያ ሽቦውን ገልብጦ ይበይድልዎ። ከመሰካትዎ በፊት በቴስተር ይለካ፦ ጥቁሩ ዘንግ መሐል፣ ቀዩ ዙሪያው ላይ ሆኖ ቁጥሩ ያለ መቀነስ ምልክት መምጣት አለበት። ዋናው የሲንክሌር ቻርጀር ከተገኘ ደግሞ ባዶውን ሲለካ ከ12 ቮልት በላይ ያሳያል፤ አይደንግጡ፣ ጭነት ሲያገኝ ይወርዳል። ይህን ሁሉ የማጠብቀው በምክንያት ነው። የመጀመሪያዎቹ የሚሞሪ ቺፖች 5፣ 12 እና ከዜሮ በታች 5 ቮልት፣ ሦስቱንም ይፈልጋሉ። ሁለቱን የምታመነጨው አንዲት ትንሽ ትራንዚስተር ከጥቅል ሽቦ ጋር ሆና ነው። እሷ ከሞተች ቺፖቹን ይዛ ትሄዳለች።

ቴሌቪዥኑ በአንቴና መሰኪያው ዩኤችኤፍ ቻናል 36 ላይ ይፈልገው፤ አናሎግ የሚቀበል ከሆነ አዲሱም ያገኘዋል። ደህና ከሆነ ነጭ ስክሪን ታችኛው ጫፍ ላይ የ1982 የሲንክሌር ጽሑፍ ይመጣል። መስመር በመስመር የተዝረከረከ ነገር ካሳየዎት አጥፍተው ይላኩልኝ፤ ሚሞሪው ነው።

ካሴቶቹን መጀመሪያ በደህና ቴፕ አጫውተው ወደ ስልክ ይቅዷቸው፤ ክሩ ቢበጠስም ድምፁ ይተርፋል። ከስልኩ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ማሽኑ «ኢር» (EAR) ቀዳዳ በሽቦ ያገናኙ፣ ድምፁን ከፍ ያድርጉ። ጨዋታው መጫን ሲጀምር የስክሪኑ ዙሪያ ቀይና ውሃ ሰማያዊ፣ ዳታው ሲገባ ሰማያዊና ቢጫ ሆኖ ይሸነተራል። ሽንትሩ ካልመጣ ድምፁ አንሷል ማለት ነው።

ከመጫንዎ በፊት ግን ሚሞሪውን ይጠይቁት፦ ፕሪንት ፒክ 23732 ሲደመር 256 ሲባዛ በፒክ 23733 (PRINT PEEK 23732+256*PEEK 23733)። 65535 ካለ ባለ 48 ነው፤ 32767 ካለ ባለ 16 ነውና ሽፋናቸው ላይ 48ኬ የሚል ካሴቶች አይጫኑለትም።