ገረዶቹን ማን ጠየቃቸው?

ልጆች፣ ጥብቅናውን ከተውኩ ወዲህ ልብ ወለድ የማነብበት ጊዜ አግኝቻለሁ። ሰሞኑን የእህቴ ልጅ "ጋሼ፣ ይቺን ሞክራት" ብላ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ሰጠችኝ። ካናዳዊቷ ማርጋሬት አትውድ በ2005 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው "ዘ ፔኔሎፒያድ" ነው። የጥንቱን የግሪክ ባለቅኔ የሆሜርን ረጅም የግጥም ተረክ ኦዲሴይን፣ በጀግናው በኦዲሲየስ ሚስት በፔኔሎፒ አንደበት እንደገና ይተርካል፤ ያውም ሞታ፣ ከሙታን ዓለም ሆና። በሁለት ማታ ጨረስኩት። በሦስተኛው እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ለማታውቁት ባጭሩ፦ ኦዲሲየስ ጦርነት ሄዶ 20 ዓመት ይጠፋል። ከ100 በላይ ጎረምሶች "ሞቷል፣ ከእኛ አንዱን አግቢ" እያሉ ቤቷ ተቀምጠው ከብቱን ይበላሉ። እሷ የአማቷን መግነዝ ስጨርስ አገባለሁ ትልና ቀን የሸመነችውን ሌሊት ትፈታለች። ባልየው ተመልሶ ይፈጃቸዋል። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ አጨብጭቦ መጽሐፉን ይዘጋል።

እናንተ አትዝጉት። የኦዲሴይን 22ኛ ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ኦዲሲየስ አሮጊቷን ሞግዚት ዩሪክሊያን ይጠይቃታል። ከ50 ገረዶች 12ቱ ነውረኛ ሆነዋል፣ እኔንም እመቤቲቱንም አያከብሩም ትለዋለች። በቃ። አንድ ምስክር፣ ተከሳሽ ሳይጠየቅ ፍርድ። ደግሞ መጀመሪያ ሬሳውን ተሸክመው እንዲያወጡ፣ ደም የነካውን ጠረጴዛና ወንበር በስፖንጅ እንዲያጥቡ ይደረጋል። ሥራውን ሲጨርሱ ልጁ ቴሌማከስ በመርከብ ገመድ ይሰቅላቸዋል። እግራቸው ጥቂት ተንፈራገጠ፣ ብዙም አልቆየ ይላል ሆሜር። ጥፋተኛ ከተባሉት በስም የምናውቃት ሜላንቶን ብቻ ነው።

አትውድ እነዚህን 12 ገረዶች እያዘፈነች ታስገባቸዋለች። በእሷ ታሪክ ጎረምሶቹን እንዲቀርቡና እንዲሰልሉ ያዘዘቻቸው ራሷ ፔኔሎፒ ናት። አንድ ቦታ ላይ ኦዲሲየስ ችሎት ይቀርባል። ዳኛው ዘመኑ ሌላ ነበር፣ የታላቅ ሰው ስም በዚህ አይጎድፍም ብሎ መዝገቡን ይዘጋዋል። ሳቅኩ፤ ያን ዓይነት ዳኛ አውቃለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልምከራችሁ። የድሮውን ታሪክ ከሴት ወገን የሚነግር መጽሐፍ ስታገኙ ተራኪዋን ወዲያው አትመኑ። ፔኔሎፒ ገረዶቹ ሲሰቀሉ ተኝቼ ነበር ትላለች። ደንበኛዬ እንዲህ ቢለኝ "ይህን ዳኛ ፊት ባትደግመው ይሻላል" እለው ነበር። አሁንም ብዙውን የምታወራው እመቤቲቱ ናት። ስለዚህ ሆሜርን ጎን አስቀምጡና አስተያዩ፤ "አዲሱን ካነበብኩ አሮጌው ምን ያደርግልኛል" አትበሉ። (የኦዲሴይ መጀመሪያ ላይ የባሕር አምላኩ ፖሲዶን ኢትዮጵያውያን ጋ ግብዣ ሄዷል ስትሉ ደረታችሁ እንደሚነፋ አውቃለሁ። የእኔም ተነፍቶ ነበር። ግሪኮቹ ግን በዚያ ስም የሚጠሩት በዓለም ዳር የሚኖረውን ፀሐይ ያጠቆረውን ሰው ሁሉ ነው።)

እንቅልፍ የነሳኝ ግን የራሴ መዝገብ ነው። ጀማሪ ጠበቃ ሳለሁ የውርስ ክርክር ይዤ ነበር። ኑዛዜው ሲጻፍ ቤት ውስጥ የነበረች፣ ሟችን ዓመታት ያስታመመች የቤት ሠራተኛ ነበረች። ለደንበኛዬ የማይመች ነገር ትናገራለች ብዬ ስለሰጋሁ ምስክር አድርጌ አልቆጠርኳትም። ሌላኛው ወገንም ረሳት። ረታን። በጻፍኩት ክርክር ላይ "ሠራተኛዋ" ትባላለች፣ ሁለት ቦታ።

በቀጠሮው ቀን ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጥቁር ጃንጥላ ጉልበቷ ላይ አጋድማ። ማንም አልጠራትም፤ በራሷ ነው የመጣችው። ሳልፍ ብድግ አለችና "ጌታው፣ ከተፈለግሁ እዚሁ ነኝ" አለችኝ። "እሺ" ብያት ገባሁ።