መልስ፦ ቫይረሱ ያልተራባባቸው ሲዲ4 ሴሎች ለምን ያልቃሉ?

ወንድሜ፣ ኤችአይቪ የሚራባው በጥቂት ሲዲ4 ሴሎች (ሰውነትን ከበሽታ በሚከላከሉ ነጭ የደም ሴሎች) ውስጥ ሆኖ ሳለ ሌሎቹ ለምን ያልቃሉ ብለህ ጠይቀሃል። እኔንም ተማሪ ሳለሁ ግራ ያጋባኝ ነበር።

ቫይረሱ በእረፍት ላይ ወዳለ ሴል ገብቶ ዘረመሉን ወደ ዲኤንኤ መገልበጥ ይጀምርና መንገድ ላይ ይቀራል። አይኤፍአይ16 የተባለ ፕሮቲን ያልተጠናቀቀውን የዲኤንኤ ቁርጥራጭ ሲያገኝ፣ ሴሉን የሚገድለውን ካስፔዝ-1 የተባለ ኢንዛይም ይቀሰቅሳል። በ2014 የወጣ፣ በቶንሲል ቲሹ ላይ የተሠራ ጥናት በእረፍት ላይ ሳሉ ከሚሞቱት ሲዲ4 ሴሎች ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚሞቱት በዚህ መንገድ መሆኑን አሳይቷል።

አፖፕቶሲስ የተባለው የተለመደው የሴል ሞት ጨዋ አሟሟት ነው፤ ሴሉ ተኮማትሮ፣ በትናንሽ ከረጢቶች ተቋጥሮ ጎረቤት ሳይሰማ ይዋጣል። በካስፔዝ-1 የሚሞተው ሴል ግን አብጦ ይፈነዳል። እዚህ ጅማ ቡና ሲቆላ ሽታው ሰፈሩን እንደሚጠራ፣ ከሴሉ የፈሰሰው አይኤል-1ቤታ የተባለ የብግነት መልእክተኛም ሌሎች ሲዲ4 ሴሎችን ይጠራል። የተጠሩትም መጥተው በተራቸው ይፈነዳሉ።