ከመፈረምሽ በፊት ብርድ ልብሱን ግለጪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እናትሽን ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል። አንቺ አዲስ አበባ ሥራ ላይ ነሽ። እዚህ ጎንደር አንድ የአረጋውያን መጦሪያ አግኝተሽ «ጥሩ መሆኑን በምን ልወቅ?» ብለሻል። ከስር የመለሱልሽንም አየሁ። «ንጽሕናውን እዪ፣ ፈቃዱን ጠይቂ» ይላሉ። እኔም ንጽሕናውን አይቼ ነበር። ፈቃዱንም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አንብቤዋለሁ። እናቴ ግን እዚያው ቤት ውስጥ ቆሰለችብኝ። ስለዚህ የኔ ምክር ከዚያ ይለያል።

በቅድሚያ «ወልዳ አሳድጋ ለባዳ እጅ» የሚሉትን አትስሚ። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ሦስት ልጆች አሉኝ። እናቴንም ስትሮክ መትቷት አምስት ወር ቤቴ አስታምሜያታለሁ። ሌሊት እየተነሳሁ ብቻዬን ሳገላብጣት ወገቤ ተቆረጠ። አንድ ቀን አብረን ወደቅን። መጦሪያ ማስገባቴን የተናገሩት ጎረቤቶች አንዲት ሌሊት መጥተው አላደሩልኝም። አንቺም በዚህ ነገር ራስሽን አታቃጥዪ። የምትመርጪው ቦታ ላይ ግን ጨካኝ ሁኚ።

1ኛ፦ በቀጠሮ አትሂጂ። ደውለሽ ከሄድሽ የምታዪው ላንቺ የተሰናዳውን ነው። እኔ በቀጠሮ ነበር የሄድኩት፣ ጠዋት 4 ሰዓት። ሴራሚኩ ያብለጨልጫል። ሳሎኑ ውስጥ ትልቅ ቴሌቪዥን አለ። ቡና ከነፈንዲሻው ቀረበልኝ። ነጭ ጋውን የለበሰች ልጅ እናቴን «እማምዬ» እያለች ጉንጯን ሳመቻት። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። በዚያው ቀን የሦስት ወር ቅድሚያ ከፈልኩ። ማታ ስንት ሰው እንደሚያድር እንኳን ሳልጠይቅ!

ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ 9 ሰዓት እሄድ ነበር። ሰዓቴን ያውቁታል። እናቴን አጥበው፣ ፀጉሯን ቅቤ ቀብተው፣ ነጠላዋን አልብሰው በረንዳው ላይ በዊልቸር አስቀምጠው ይጠብቁኛል። እግሯ ላይ ጋቢ ጣል ይደረግባታል። ሰባት እሁድ ሄጃለሁ። ሰባቱንም ጊዜ ያንን ጋቢ አልገለጥኩትም። ያጠፋሁት ይሄን ነው።

ጥምቀት ደረሰ። በጥምቀት ጎንደር እንዴት እንደምትሆን ታውቂያለሽ። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ቤቱ የሚቀር የለም። ጥር 11 ታቦት ሸኝቼ ስመለስ «የበዓል ዳቦ ላቅምሳት» ብዬ ድፎውን ቆረስኩና ሳልደውል ሄድኩ። 12 ሰዓት ሊሆን ነው። በሩን ደጋግሜ አንኳኳሁ። ዘበኛው ቆይቶ ከፈተና «ዛሬ ጠያቂ አይገባም» አለኝ። ገፍቼው ገባሁ። አሥራ ስድስት አረጋውያን ባሉበት ቤት አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። እሷም ወጥ ቤት ናት።

እናቴ በጀርባዋ ተኝታለች። መብራቱ አልበራም። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ምላሷ ደርቋል። ውሃ በብርጭቆ ሞልቶ አጠገቧ ተቀምጧል፤ ግን በማይታዘዘው እጇ በኩል። ብርድ ልብሱን ገለጥኩት። ሽታው ቀደመኝ። ዳይፐሩ ከጠዋት ጀምሮ አልተቀየረም። በጎኗ ሳዞራት ከወገቧ ዝቅ ብሎ አጥንቱ ላይ የቡና ስኒ አፍ የሚያክል ቁስል አየሁ። ተረከዟ ጠቁሮ ደርቋል። እናቴ መናገር ስለሚያስቸግራት እጄን ያዘችና በአውራ ጣቷ ታሻሸኝ ጀመር። በዚያ ሁኔታ ሆና የምታባብለኝ እሷ ነበረች።

2ኛ፦ ቁስሉን ሳይጀምር ማወቅ ተማሪ። ይሄን ያስተማረችኝ ሆስፒታል ቁስሏን የምታጥብላት ነርስ ናት፣ እግዜር ይስጣት። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ጎን መቀየር አለበት። አንድ አካል ላይ ብቻ ከተተኛ አጥንቱና ፍራሹ መሀል ያለው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል። የሚቆስለው አጥንት የሚጎላበት ቦታ ነው፦ የጭራ አጥንት፣ ዳሌ፣ ተረከዝ፣ ቁርጭምጭሚት፣ ክርን፣ የጭንቅላት ኋላ። «ቅላት እዪ» ይሉሻል። በኛ ጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ላይታይ ይችላል። ከዙሪያው ይጠቁራል ወይም ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይሄዳል። በእጅሽ ጀርባ ስትነኪው ይሞቃል፣ ወይ ይጠነክራል፣ ወይ ይላላል። ያኔ እዚያ ቦታ ላይ ጨርሶ መተኛት የለባቸውም። «በቫዝሊን እናሸዋለን» ካሉሽ እንዳይነኩት አድርጊ፤ አጥንቱ ላይ ማሸት ጉዳቱን ያባብሳል። ጓንት ውስጥ ውሃ ሞልቶ ተረከዝ ስር ማድረግም አይጠቅምም። ይልቅ ትራስ ከባቱ ስር ይገባና ተረከዙ አየር ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ልትጎበኚ ስትሄጂ አልጋ ላይ ከዋሉት አንዱን ከልጆቻቸው ወይም ከራሳቸው አስፈቅደሽ ተረከዛቸውን እዪ። ይሉኝታ ይዞሽ እንዳትመለሺ። የቤቱ ባለቤት ፊቱን ካጨማደደ መልስሽን አግኝተሻል።

3ኛ፦ መዝገቡን ጠይቂ። እኔ የጠየቅኩት ከቆሰለች በኋላ ነው። ሥራ አስኪያጁ በኩራት አወጣልኝ። የሳምንቱ ሁሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ ተሞልቷል። 2፡00 ተገላብጠዋል፣ 4፡00 ተገላብጠዋል፣ አንድም ደቂቃ ዝንፍ የለም። ከዚያ የቁርሱን ዓምድ አየሁ። ረቡዕና አርብ ጠዋት «በልተዋል» ይላል። እናቴ ታማ እንኳን ረቡዕና አርብ ከ9 ሰዓት በፊት እህል አፏ አይገባም። ያኔ የሌላውም መዝገብ ውሸት እንደሆነ ገባኝ። እውነተኛ መዝገብ ይለያል፤ አንዳንዱ ሰዓት ያልፈዋል፣ የተለያየ ሰው ይፈርምበታል፣ «እምቢ ብለዋል» የሚል አይጠፋውም።

(የጾሙን ነገር እግረ መንገዴን ልንገርሽ። እናትሽ ጾመኛ ከሆኑ የነፍስ አባታቸውን አሁኑኑ አነጋግሪ። የኔን እናት የነፍስ አባቷ ቤት ድረስ መጥተው «ለሕመምተኛ ተፈቅዷል» ብለው እስኪያሰናብቷት ድረስ የዐቢይ ጾምን 55 ቀን እንዴት እንደምናልፈው ጨንቆኝ ነበር። እንክብካቤ የሚያውቅ ቤት ይሄን ራሱ ይጠይቅሻል።)

ሥራ አስኪያጁ ምን አለኝ መሰለሽ? «እኛ ሆስፒታል አይደለንም። የተኛ ሰው መቁሰሉ አይቀርም።» እናቴ አምስት ወር ቤቴ ተኝታ አንድ ጭረት አልነበረባትም! ያለ ነርስ፣ ያለ ሴራሚክ። ያ ንግግሩ እስካሁን ያንገበግበኛል። እናቴን ከዚያ አውጥቼ የቀረውን የአንድ ወር ገንዘብ ስጠይቀው ውሉን አውጥቶ «የተከፈለ አይመለስም» የሚለውን በጣቱ አሳየኝ። ሳላነብ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

አቤት ልል አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። አራት ጊዜ ተመላለስኩ። መጀመሪያ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። ቀጥሎ ማመልከቻው በመዝገብ ቤት በኩል ይግባ። ሦስተኛው ቀን መዝገብ ቤቷ ወሊድ ላይ ነች። በአራተኛው ቀን ኃላፊውን አገኘኋቸው። የቁስሉን ፎቶ በስልኬ ሳሳያቸው ፊታቸውን አዞሩና «ልጅ እያለሽ ለምን አስገባሻት?» አሉኝ። አልመለስኩላቸውም። ጉዳዩን ትቼ ጊዜዬን ለእናቴ አዋልኩት። አንቺ እዚያ ደጅ እንዳትጠኚ ቀድመሽ በውሉ አስገቢ፦ ቤተሰብ በማንኛውም ሰዓት መግባት ይችላል፤ ከወሩ አጋማሽ ብታወጪያቸው የቀረው ገንዘብ ይመለሳል፤ ሲታመሙ ማን ሆስፒታል እንደሚወስድና ማን እንደሚከፍል ተለይቶ ይጻፋል። ይሄን አልጽፍም የሚል ቤት ይቅርብሽ።

4ኛ ብዬ ስለ ሌሊት ልጽፍ ነበር፤ ግን ሁለተኛውን ቤት ብነግርሽ ይሻላል፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። በአዘዞ መንገድ ላይ ያለ ትንሽ ግቢ ነው። ሴራሚክ የለውም፣ ወለሉ ሊሾ ነው። በጡረታ የወጡ ነርስ ነው የሚያስተዳድሩት። የሄድኩት ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ሳልናገር ነው። መብራት ጠፍቶ ነበር። ሁለት ልጆች በእጅ ባትሪ እየዞሩ ሰባት ሰው ያገላብጣሉ። አንደኛዋ ልጅ አንዲት እናትን ስታዞር «እማማ፣ ልናዞርዎት ነው፣ በግራ በኩል ነው» ብላ አስቀድማ ነገረቻቸው። ያችን ስሰማ ልቤ አረፈ። ሳትናገር የምትገለብጥ ብዙ አይቻለሁ።

ጓሮው ውስጥ ሁለት ትልልቅ ሮቶ አለ። ውሃችን በፈረቃ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ውሃ የሌለው ቤት አንሶላ አያጥብም፣ ዳይፐርም እየቆጠበ ነው የሚቀይረው። የሚያስተዳድሩት ነርስ ገና ሳልቀመጥ «ውሃ ሲጠጡ ትን ይላቸዋል?» ብለው ጠየቁኝ። የመጀመሪያው ቤት ይሄን ጠይቆኝ አያውቅም። ስትሮክ የመታው ሰው ብዙ ጊዜ መዋጥ ያስቸግረዋል፤ ተኝቶ ከጎረሰ ምግቡ ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል። እዚያ እናቴን ቀጥ አድርገው አስቀምጠው ወፈር ያለ አጥሚት በትንሽ ማንኪያ ያጎርሷታል። ከበላች በኋላም ግማሽ ሰዓት አያስተኟትም። ፊዚዮቴራፒስትም በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሙያውን ስለሚያስተምር እዚህ ባለሙያ አይጠፋም፤ «አላገኘንም» የሚልሽን እንዳታምኚ።

ቁስሉ እስኪገጥም ሰባት ወር ፈጀ። ዶክተሩ አይቶ «ማን ነው ያስታመማቸው?» ሲል ቤቱን የሚያስተዳድሩትን ነርስ አስጠርቼ ከጎኔ አቆምኳቸው። አሁን እናቴ በደህና እጇ ስኒዋን ራሷ ይዛ ቡና ትጠጣለች።

አንቺ ሩቅ ስለሆንሽ አንድ ነገር ልጨምር። ቪዲዮ ኮል አያሞኝሽ፤ የሚያሳይሽ ፊት ብቻ ነው። እዚህ ካሉ ዘመዶችሽ ሁለት ሰው ምረጪ፣ በተለያየ ቀንና ሰዓት ይግቡ። አንዱ ሌሊት፣ አንዱ በበዓል። ከገቡ ብርድ ልብሱን ይግለጡ፣ ምላሳቸውን ይዩ፣ ውሃው በየትኛው እጅ በኩል እንደተቀመጠ ይዩ። ቀን ሙሉ የሚያንቀላፉ ከሆነም የሚሰጣቸውን ክኒን ሁሉ ስሙን ፎቶ አንስተው ይላኩልሽና ለሐኪም አሳዪ። ዝም ለማሰኘት ብሎ ማስተኛ የሚሰጥ አለ።

ዘመድ ከሌለሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። እኔ እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ነው የምኖረው። ቅዳሜ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ባጃጅ ይዤ እሄድልሻለሁ። የእጅ ባትሪ አለኝ።